ጣሪያዋን በስቶ የገባው ብረት

ሰፈሩ «እሜቴ መጋዝ» ነው የሚላት። አናጢ ናት፤ ሙያውን ከአባቷ ወርሳ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በእንጨት ሥራ ነው። ቆራጥ ናት፤ አንዴ ካለች አለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደንበኛ ልትሸኝ ደጅ እንደወጣች ሰማዩ አጉረመረመ፤ ወዲያው የሥራ ቤቷ ጣሪያ ተበረገደ። ሮጣ ስትገባ የመላጊያ ማሽኗ ተሰባብሯል፤ ሠርታ የጨረሰችው ቁም ሳጥን ዱቄት ሆኗል። መሃል ወለሉ ላይ በርሜል የሚያህል የጠቆረ ብረት ተጋድሟል። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ፖሊስም ቦታውን አጠረ። ባለሙያዎች መርምረው የሌላ አገር ሮኬት የነዳጅ ማጠራቀሚያ መሆኑን አረጋገጡ።

ታላቅ ወንድሟ መጣና፣ «እህት ዓለም፣ አንቺ ከተረፍሽ ተመስገን ነው፤ ተይው። ሰማይን ትከሻለሽ?» አላት።

«ሰማይ ምን አጠፋ፣ ጋሼ? ወደ ላይ የሰደደው አገር አለ አይደል?»

በማግስቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ተጫምታ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደች። ፀጉሩ የሸበተው የሕግ ክፍል ኃላፊ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ሆነ ብለው አልጣሉብኝም» አለችው። «ጥፋታቸውን ማስረዳት አለብኝ?»

«የለብዎትም። ከጠፈር የወደቀ ነገር ምድር ላይ ጉዳት ካደረሰ፣ ባያጠፋም የሚጠየቀው ያመጠቀው አገር ነው፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ስምምነት እንደዚያ ይላል። ጥያቄውን ግን መንግሥት ነው ለመንግሥት የሚያቀርበው።»

«እንግዲያው አቅርቡልኝ። እኔም እግሬ አይቀርም።»

እውነትም አልቀረም። እሷ በእጅ መላጊያ እየሠራች፣ በየጊዜው ብቅ እያለች ትጠይቅ ነበር። በመጨረሻ የዚያ አገር መልእክተኛ ከኃላፊው ጋር ሥራ ቤቷ ድረስ መጣ። የተቀደደውን ጣሪያ አንጋጦ አየና፣ «መንግሥታችን በእርዳታ መልክ ሊያድስልዎት ፈቃደኛ ነው» አለ።

እሜቴ መጋዝ ከልብሷ ላይ ፍቅፋቂውን አራገፈች። «እርዳታ ለቸገረው ስጡ። እኔ ሠርቼ አዳሪ ነኝ፤ የምፈልገው ካሳ ነው።»

መልእክተኛው ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ፣ «የኛም ጥያቄ ይኸው ነው» አለ።

ካሳው በስሙ፣ «ካሳ» ተብሎ መጣ፤ ለጣሪያው፣ ለማሽኑ፣ ለቁም ሳጥኑና ሥራዋ ለተጓተተበት ጊዜ ጭምር። «ብረታችንን መልሱልን» ሲሉም አላንገራገረችም። «ንብረታቸው ነው፣ ይውሰዱ» ብላ መኪና ላይ ሲጭኑት አንዱን ጫፍ ራሷ ያዘች። ከዚያ ገብታ በካሳው የገዛችውን አዲስ ማሽን አስነሳችና ለታላቋ ልጇ የመጀመሪያውን ሳንቃ አቀበለቻት።