ፍራንክፈርት ስቶክሆልም በሁለት ሰዓት

ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው። ይህን የነገረኝ ስልኬ ነው፤ እኔም አመንኩት። አርብ ከሰዓት በኋላ ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ተገትሬ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ለእኔ ጉዞ አይደለም፤ ትራፊክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቶክሆልም የምትኖረው አክስቴ ባሏ አረፉባት። አክስቴ የእናቴ ብቸኛ እህት ናት፤ እህቴን ስንድር ሳትመጣ ስለቀረች ግን ሁለቱ ተኮራርፈው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ አፓርትመንቷ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች፤ ስልክ ግን አላነሳችም። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለእረፍት አዲስ አበባ ልሄድ ነበር፤ አውሮፕላን ለመቀየር ፍራንክፈርት ላይ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ።

"ኮኔክሽንህ ዘጠኝ ሰዓት አይደል? ብቅ ብለህ ድረስላት እንጂ! ለቅሶ የማይደርሱ እንዳይሉን" አለችኝ እናቴ።

የሰው ወሬ ያስጨነቃት ለመምሰል ሞከረች። እኔ ግን አውቃታለሁ። በዚህ ለቅሶም ከቀረች እህቷን ለዘለዓለም እንደምታጣት ገብቷታል፤ ኩራቷ ደግሞ አላስደውል አላት።

ሂሳቡን ሠራሁ፤ ለመሄድ ሁለት፣ ለመመለስ ሁለት፣ አምስት ሰዓት ይተርፈኛል። የፓስፖርቱን ሰልፍ፣ ፍተሻውን፣ ከኤርፖርት እስከ አክስቴ ቤት ያለውን መንገድ ማን ያስብ! ቤቷ ስደርስ የቀረኝ አርባ ደቂቃ ነበር።

ቤቱ ጥቁር በለበሰ ሰው ጢም ብሏል። ገብቼ አለቀስኩ፤ አክስቴም አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ምግብ ሲሰጠኝ ግን ብድግ ብዬ "አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው፤ ታክሲውም ደጅ እየጠበቀኝ ነው" አልኩ። ታክሲ ደጅ አስቁሞ ለቅሶ የደረሰ ሰው ከዘራችን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

"እንዲህ አድርገህ ድረስ ያለችህ እናትህ ናት?" አለችኝ አክስቴ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወጥቼ ታክሲውን አሰናበትኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ለእናቴ ደውዬ አውሮፕላን እንዳመለጠኝ ስነግራት፣ አክስቴ ስልኩን ከእጄ መንትፋ ወሰደችው።

"ስሚ፣ ይሄ ልጅሽ ምን ነክቶት ነው?" አለቻት። ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው። "ታክሲ ደጅ አስቁሞ እኮ ነው የሚያለቅስልኝ!"

የእናቴ ሳቅ እኔ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። አክስቴ ስልኬን እንደያዘች መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው፤ እኔም ሳህኔን ታቅፌ ከለቀስተኛው ጋር ቀረሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሆኖብኝ ነው እንጂ ጥርሴን አልገጥምም ነበር።

አክስቴ ዓይኗ አብጦ ስትወጣ ስልኩን ሰጠችኝ። እናቴ ገና አልዘጋችም ነበር።

"እኔ እስክመጣ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል" አለችኝ።