«ሁለቴ አንብበሽዋል?» ይሉ የነበሩት ጋሽ ሰይድ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ላፕቶፕ ሲጠግኑ የኖሩት ጋሽ ሰይድ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ልባቸውን ያማቸው እንደነበር የቅርብ ሰዎቻቸው ታውቃላችሁ። በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል፤ ከኮምቦልቻም ከደጋንም ብዙ ሰው መጥቶ ሸኝቷቸዋል። ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ የምጽፈው ግን መሞታቸውን ለመንገር ብቻ አይደለም። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ነገር እረፍት ስለነሳኝ ነው።

ሰው ሲሞት መመስገኑ ወግ ነው፤ አልጠላውም። ነገር ግን የሚመሰገነው የሞተው ሰው ይሁን እንጂ! አንዱ ተነሣና «ጋሽ ሰይድ በሕይወት ዘመናቸው ሰው ተቆጥተው አያውቁም» አለ። ወላሂ፣ ድንኳን ተሳስተህ ይሆን ብዬ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም። የእኔ ጎረቤት ጋሽ ሰይድ ሱቃቸውን የሚከፍቱት በቁጣ፣ የሚዘጉትም በቁጣ ነበር። ይኸው ተናጋሪ ራሱ ላፕቶፑን በወጥ ቤት ቢላዋ ሊፈታ ሞክሮ፣ ብሎኑን ሁሉ አላሽቆ ሲያመጣላቸው «ይኼ በእጅ ነው የተፈታው በጥርስ?» ብለው በሰው ፊት አሳፍረውታል። ከዚያ ሥራቸውን አቁመው፣ ምሳቸውን ትተው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጡለት። ቁጣቸውን ጥሎ ደግነታቸውን ብቻ የሚያወራ ሰው የቀበረው ግማሻቸውን ብቻ ነው።

ይህስ ይሁን። የባሰው የመጣው ከዚሁ ከደሴ ፒያሳ ነው። ፒያሳ ላይ በመስታወት ያሸበረቀ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው፣ ራሱን «ማስተር» እያለ የሚያስጠራ ሰው አለ። የምን ማስተር እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እሱ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ብድግ አለና «የኮምቦልቻዋን የሐናን ላፕቶፕ ከሞት ያስነሣነው እኔና ሰይድ ነን። እኔ አብሽሪ ባልላት ኖሮ ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ነበር» ብሎ አረፈው። ሐና እዚያው ተቀምጣ ነበር። እኔም ነበርኩ። ስለዚህ የሐናን ላፕቶፕ ነገር፣ አጠገባቸው ሆኜ እንዳየሁትና እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ሥራቸውን ላስረዳ። ላፕቶፕ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነቃ ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። የሚኖረው ከምስር ፍሬ ብዙም በማትበልጥ ስምንት እግር ባላት ቺፕ ውስጥ ነው። ጋሽ ሰይድ ይህንን ፕሮግራም የቺፑን እግሮች በሚነክስ ባለገመድ መቆንጠጫ ያነባሉ፣ ያርማሉ፣ መልሰው ይጽፋሉ። ደካማ ላፕቶፕ ይዘው ለሚመጡ የሥዕልና የቪዲዮ ሠራተኞች ደግሞ ከባድ ምስል የሚያንቀሳቅስ የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ከውጭ ይቀጥሉላቸዋል፤ የዋይፋይ ካርዱን ያወጡና በእሱ ቀዳዳ ገመድ ያስገባሉ። ችግሩ፣ አንዳንድ ፋብሪካ ባዮሱ ውስጥ የተፈቀደላቸውን ካርዶች ስም ጽፎ ይልከዋል። ከእነዚያ ውጭ የሆነ ካርድ ከተሰካ ላፕቶፑ አልነሣም ይላል። ጋሽ ሰይድ ይህንን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። «ገዝተሽው ስታበቂ እንግዳ የምታስገቢው በእኔ ፈቃድ ነው ይልሻል! ቤቱን ሸጦልን በሩ ላይ ዘበኛ ሆኖ የቀረ ሌባ!» ይላሉ። ያንን የስም ዝርዝር ሲሰርዙ ያላቸው ደስታ የጠላት ምሽግ ያፈረሰ ሰው ደስታ ነበር።

አንድ የማይፈርስ ሕግ ነበራቸው። ቺፕ ላይ ምንም ከመጻፋቸው በፊት ያለውን ሁለቴ ያነቡታል። ሁለቱ ንባቦች አንድ ካልሆኑ መቆንጠጫው በደንብ አልያዘም ማለት ነው፤ ነቅለው እንደገና ይጀምራሉ። አንድ ከሆኑ ቅጂው ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ። ይህ ሕግ ከቺፕ አልፎ ኑሯቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። «የእንትና ልጅ ልታገባ ነው አሉ» ስላቸው ቀና ሳይሉ «ሁለቴ አንብበሽዋል?» ይሉኛል። ከሁለት ሰው ሰምተሻል ወይ ማለታቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነበር።

የሚጠሉት ቃል ደግሞ «አብሽር» ነበር፤ አይዞህ እንደ ማለት ነው። እኛ ወሎዬዎች አብሽር የማንልበት ነገር የለም። ለታመመው አብሽር፣ ለከሰረው አብሽር፣ ባጃጅ ላመለጠው ሳይቀር አብሽር። እሳቸው «አብሽር ለለቅሶ ነው እንጂ ለባዮስ አይሆንም» ይሉ ነበር። «ባለሙያ አብሽር ካለሽ ምን እንደተበላሸ አላወቀም፤ ዕቃሽን ይዘሽ ሩጪ።» ሱቃቸው ውስጥ ይህን ቃል የተናገረ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም ቆሜ አውቃለሁ።

ሐና ኮምቦልቻ የምትኖር፣ ገና ያልተሠሩ ሕንጻዎችን በኮምፒውተር አስመስላ የምትስል ልጅ ናት። ቤተሰቧ ጴንጤ ናቸው። አንድ የግንባታ ድርጅት የመጋዘን ዲዛይን ሰጥቷት፣ ምስሉን በቀጠሮው ካመጣሽ እንቀጥርሻለን ብሏታል። ላፕቶፗ ግን ሥዕሉን ገና ስታዞረው ድርቅ ይላል። ወንድሟ የጌም ቤቱን ሲዘጋ የተረፈ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ነበረውና እሱን ይዛ ፒያሳ ማስተር ዘንድ ሄደች። ምን አላት? «አብሽሪ» አላት።

ማስተር ካርዱን ሰካ፤ ላፕቶፑም ያልተፈቀደ ካርድ ነው ብሎ ቆመ። ማስተር ከኢንተርኔት ለሌላ ሞዴል የታረመ ባዮስ አወረደ። ከዚያ ለጋሽ ሰይድ ደወለ። እኔ ያን ጊዜ ሱቃቸው ውስጥ ነበርኩ፤ እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን በስፒከር አደረጉት።

«ፋይሉን አግኝቻለሁ፤ ምን ላድርገው?» አለ።

«መጀመሪያ ፍላሽ ላይ አድርገውና ይዘህልኝ ና። ልየው» አሉ።

«ፍላሽ ላድርገው?»

«አዎ፣ ፍላሽ ላይ አድርገው።»

እንግዲህ ባለሙያ ያልሆናችሁ እወቁት። ፍላሽ ማለት ኪሳችን የምንከታት የፋይል መያዣ ናት። በባዮስ ሠራተኞች አፍ ደግሞ ፍላሽ ማድረግ ማለት ቺፑ ላይ መጻፍ ነው። ጋሽ ሰይድ የኪሷን አሉት፤ ማስተር የቺፑን ሰማ። «ላይ» የምትለዋ ቃል ፒያሳና ሆጤ መካከል ጠፍታ ቀረች። «ይዘህልኝ ና» የሚለውስ የት ጠፋ? ማስተር የነበረውን አንዴም ሳያነብ፣ ቅጂ ሳያስቀምጥ፣ የሌላ ላፕቶፕ ባዮስ የሐና ላፕቶፕ ላይ ጻፈበት። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ልጅቷንም «አብሽሪ፣ ሰይድ ያዘዘኝን ነው ያደረግሁት» ብሎ ሸኛት።

ሐና ከእናቷ ጋር ሆጤ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ጋሽ ሰይድ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። አሁን ጣራው ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተነሣም። «የገደለው የእኔ አፍ ነው። ሁለት ትርጉም ባለው ቃል ስልክ ላይ ማዘዝ አልነበረብኝም» አሉ። እኔ ተናድጄ «ጋሼ፣ እሱ ነው እንጂ የገደለው! አምጣልኝ አላሉትም እንዴ?» ስላቸው «ተይ ዘሀራ፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብለው ዝም አሰኙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቺፑን ሥራ «መጻፍ» ብቻ ይሉት ነበር እንጂ ፍላሽ ብለው አያውቁም።

እናትየዋ «ይድናል ወይ ጋሼ?» አሉ።

«አላውቅም እናቴ። ሳላውቅ ይድናል አልልም።»

ሐና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናትየዋ ግን «እንግዲያው እኛ እንጸልያለን» አሉ።

«ጸልዩ። እኔ ደግሞ ወንድሙን እፈልጋለሁ።»

ወንድሙ ማለታቸው ተመሳሳዩን ላፕቶፕ ነው፤ ጤነኛ ባዮስ የሚቀዳበት። ፒያሳን ዞሩት። የማስተር ሱቅ ውስጥ አንድ ለሽያጭ የቆመ ነበር፤ «አዲስ ዕቃ አላስከፍትም» አላቸው። ልብ በሉ፣ ላፕቶፑን የገደለው፣ ደንበኛዋም የእሱ፣ መድኃኒቱም መስታወቱ ውስጥ፤ አላስከፍትም! ለቅሶው ድንኳን ውስጥ «እኔና ሰይድ» ያለው ይኸው ሰው ነው።

ደጋን የእናቴ አገር ነው። እዚያ እህል የሚነግዱ ሐጂ ያሲን የሚባሉ ዘመዴ ለልጃቸው የገዙት ላፕቶፕ ያው ዓይነት መሆኑን አስታወስኩና ጋሽ ሰይድን ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። ሐጂ ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ከፍተኸው ቢሞትስ?» አሉ።

«ማንበብ አይገድልም ሐጂ፤ መጻፉ ነው እሚገድል። ያም ሆኖ ቢሞት ይኼን ትወስዳላችሁ» አሉና ጋሽ ሰይድ የራሳቸውን ላፕቶፕ፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያለበትን፣ ከእህል ጆንያው ላይ አስቀመጡ።

«ቢስሚላህ በልና ክፈት» አሉ ሐጂ።

ከፈቱት። አንዴ አነበቡ፣ ሁለተኛ አነበቡ፤ ሁለቱ አልገጠሙም። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃል ይል ነበር። ፊታቸው ላይ ላቡ እየወረደ መቆንጠጫውን ነቅለው፣ የቺፑን እግሮች ጠርገው፣ እንደገና ያዙ። እንደገናም አልገጠመም። ሐጂ ጆንያው ላይ ያለውን ላፕቶፕ አየት አደረጉ፤ እኔ አብሽሩ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በመጨረሻ ገጠመ። የሐጂንም ላፕቶፕ ገጥመው አብርተው አሳዩአቸውና ሳንቀመጥ ተነሥተን ወደ ደሴ ተመለስን።

ከደጋን የቀዱትን አርመው የሐና ቺፕ ላይ ጻፉት። የተፈቀዱ ካርዶችን ዝርዝር ሰረዙ፤ የሐናን ላፕቶፕ መለያ ቁጥር ከሆዱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አይተው መልሰው አስገቡ። «የሰው ስም ይዞ አይኑር» አሉ። ግራፊክስ ካርዱን በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀምጠው ከዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ጋር አያያዙት። ሐና ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ በራ፤ መጋዘኑ ከነጣራው ከነመዝጊያው ሳይደክመው መዞር ጀመረ። እናትየዋ «ሃሌ ሉያ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወዲያው ሐና ላይ ፊታቸውን አኮሳትረው «ምን ታለቅሻለሽ? መቆንጠጫውን ያዢና ራስሽ አንብቢው። ሁለቴ!» አሏት። ሐና ምስሉን በቀጠሮው አደረሰች፤ ዛሬም በዚያው ድርጅት ትሠራለች።

ከዚያ በኋላ ማስተር ፒያሳ ላይ «ሰይድ የልጅቷን ላፕቶፕ ገድሎባት ነበር» እያለ አወራ። ለምን አይመልሱለትም ስላቸው «ምን ብዬ?» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። በሕይወት ሳሉ ገዳይ አደረጋቸው፤ ሲሞቱ ደግሞ ከአዳኝነታቸው ግማሹን ሊካፈል መጣ። እንዲህ ያለ ሰው መናቅ ኃጢአት ከሆነ አላህ ይማረኝ፤ ንቄዋለሁ።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ፤ ማስተር ተናግሮ ሲቀመጥ ከሴቶቹ በኩል ሐና ተነሣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ማስተር፣ ሁለቴ አንብበኸዋል?» አለችው።

ሰዉ ሁሉ ወደ ማስተር ዞረ። ከደጋን የመጡት ሐጂ ያሲን ጢማቸውን ዳሰሱ። ማስተር ጥቁር መነጽሩን አስተካከለ፣ ሰዓቱን አየ፣ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ወጣ።

ጋሽ ሰይድ፤ ሆስፒታል ልጠይቅዎ መጥቼ ሳለሁ እጅዎን ይዤ አብሽሩ ብልዎት፣ ከዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ዓይንዎን ገልጠው «ሁለቴ አንብበሽዋል?» አሉኝ። «አንብበሽ ስትጨርሺ ትይኛለሽ» አሉና ፊትዎን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። መቆንጠጫዎን ልጆችዎ ፈቅደው ለሐና ሰጥተናታል። ጎረቤትዎ ሆኜ በመኖሬ ደስ ብሎኛል፤ ቁጣዎም ይናፍቀኛል። ይህን ጽሑፍ ለሰው ከማሳየቴ በፊት አንዴ አነበብኩት፤ ከዚያ ነቅዬ እንደገና ጀመርኩና ሁለተኛ አነበብኩት። ሁለቱም ጊዜ ያገኘሁት እርስዎን ነው። አሁን እንግዲህ ውጭ ቆመሽ ጠብቂ ቢሉኝም ቃሉን እለዋለሁ፤ ለለቅሶ ነው ብለዋልና። አብሽሩ፣ ጋሼ።