ቀድማ የምትቀምሰው

አዳዳዬ፣ የአባቴ እህት፣ የቡርቃ ጃቶን ወጣቶች ዲጋ ጫካ ወስዳ የሚበላ የዱር ቅጠልና ፍሬ ስታስተምረን፣ ከልጅነቷ የምታውቀውን ዶቅማ እንኳ ራሷ ሳትቀምስ አትሰጠንም ነበር። እኛ እንስቃለን። እሷ ግን "ቆይ ኢልማ ኮ፣ ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እኔ" ትለኛለች።

ዘመዶቻችን "የረሃብ ምግብ እያስተማረች አዋረደችን" ይሏት ነበር። መንገድ ተዘግቶ ገበያው ባዶ ሲሆን ግን በሯን ያንኳኩት እነሱው ናቸው። የቀቀለችውን ሳማ በሉ። መንገዱ ሲከፈት ረሷት። ታማ ስትተኛ ሾርባ ይዞ የመጣ አንድም አልነበረም።

ትናንት በለቅሶዋ ድንኳን ውስጥ ያን ሁሉ ወጥ ደርድረው፣ "እናታችን!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ለእኔም ሳህን ሞልተው ሰጡኝ። ተቀብዬ፣ እንደ ልማዴ ቆየሁ።

ከእነሱ እጅ የመጣውን፣ አዳዳዬ ሳትቀምሰው፣ እንዴት አድርጌ ልዋጠው?