ከግማሽ በላይ የገባው መጋዝ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ለንደን ውስጥ ኮሌጅ ገብቼ የኤሌክትሪክ ሙያ መማር በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልተጎዳም። እንዲያውም «ይሄም ገጠመኝ ተባለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን እጄን በታጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ጽፌው ይውጣልኝ ብያለሁ።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከእናቴ ጋር ዋይት ሲቲ በሚባል ሰፈር እንኖራለን። ኮሌጁ ከትምህርቱ ጎን የሥራ ልምምድ እንድናደርግ ይመክረናል። የማውቀው ሰው ስላልነበረኝ እናቴ በሰው በሰው አጠያይቃ ከጋሽ ሃብቶም ጋር አገናኘችኝ።

ጋሽ ሃብቶም ኤርትራዊ ናቸው። ስድሳዎቹን አጋምሰዋል። አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። መሣሪያዎቹን የሚጠሯቸው በድሮ ስማቸው ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተሩን ደግሞ ናስትሮ ይላሉ። በሳምንቱ ቀናት በእንግሊዝኛ የተማርኩትን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር እንደገና እማረዋለሁ። የሚሉትን ሁሉ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሳስነጥስም ልትጽፊ ነው?» ብለው ይስቁብኛል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ጋሽ ሃብቶም በቅርብ ያለ ነገር በደንብ አይታያቸውም። መነጽር አላቸው፤ ግን ሁልጊዜ ቫናቸው ውስጥ ይቀራል። «ሜሮን፣ ነይ እስቲ ይቺን ጽሑፍ አንብቢልኝ» ይሉኛል። ሳነብላቸው «ዓይኔ አንቺ ነሽ» ይላሉ። እንደዚያ ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። እሳቸውን ማስደሰት ከምንም በላይ እፈልግ ነበር። ነገሩ የመጣውም በዚሁ ነው።

በዚያ ቅዳሜ የሄድነው ስትሪትሃም ሰፈር፣ እማማ ለተብርሃን ቤት ነው። እማማ ለተብርሃን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ጓሮው ውስጥ፣ አንዲት የሸክላ ክፍል አለች። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተው እዚያ አስቀምጠዋል። የቀረው መብራት ብቻ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብሴን በጋሪ እየጎተትኩ እዚያ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ማጠቢያ ቤት አሳጥባለሁ» አሉኝ ገና ስንገባ። «የስትሪትሃም ሰው ሁሉ የውስጥ ልብሴን ያውቀዋል።» ቀጥለው ወደ ጋሽ ሃብቶም በአገጫቸው እያመለከቱ «ይሄ ሽማግሌ ያሠራሻል ወይስ ያወራሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁለቱንም፣ እማማ።»

«ወሬው በዛ በይ» አሉ።

ከቤቱ እስከ ጓሮዋ ክፍል የዘረጋነው በብረት የተሸፈነ ኬብል ነው። ለማያውቅ ሰው ልግለጸው። ከላይ ጥቁር ላስቲክ አለው። ላስቲኩ ሲገፈፍ ዙሪያውን በብረት ሽቦዎች ታጥሯል። ከብረቱ ስር ሌላ ጥቁር ላስቲክ አለ፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ መብራቱ የሚሄድባቸው ሦስት ሽቦዎች አሉ፤ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ። ብረቱ መሬት ውስጥ አካፋ እንዳይቆርጠው ይጠብቀዋል። ኬብሉ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ግላንድ የሚባል የናስ ማሠሪያ የብረት ሽቦዎቹን ጨብጦ ይይዛቸዋል።

የብረት ሽቦዎቹ የሚቆረጡት በመጋዝ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይቆረጡም። ዙሪያውን እስከ ግማሽ ውፍረታቸው ብቻ ይጫራሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፉ ራሳቸው ይሰበራሉ። መጋዙ ካለፈ ከስር ያለውን ላስቲክ ይነካል። ደብተሬ ላይ «ከግማሽ በላይ በፍጹም!» ብዬ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር።

በቤቱ በኩል ያለውን ጫፍ እሳቸው እያዩኝ ሠራሁት። ጥሩ ሆነ። ከዚያ ጓሮው ጋ ሄድን፤ ጋሽ ሃብቶም ጫፉን ከመቁረጣቸው በፊት ኬብሉን ግድግዳው ስር አንድ ዙር ጠምዝዘው ተዉት። ትርፉ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሰው ይሳሳታላ» አሉኝ። «በልኩ የተቆረጠ ኬብል ይቅርታ አያውቅም።» ይህንንም ጻፍኩት። ከዚያ «ያኛውን ቆንጆ አድርገሽዋል፤ ይሄንን ብቻሽን ሞክሪው» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ብቻዬን በመተዋቸው ኮራሁ። ሳይመለሱ ጨርሼ ላስደንቃቸው ፈለግኩ። አንደኛው ሽቦ አልሰበር ሲለኝ መጋዙን መልሼ አስገባሁት። ሁለት ጊዜ ሳብኩት። ሁለተኛው ላይ የመጋዙ ድምፅ ተለወጠ። ብረት ሲቆረጥ ይጮኻል፤ ያ ግን አልጮኸም።

ሽቦዎቹን ሰብሬ ሳነሳ ከስር ያለው ጥቁር ላስቲክ ላይ ቀጭን መስመር አየሁ። በጥፍሬ ከፈት ሳደርገው ቡናማው ሽቦ ታየኝ። የእሱም ሽፋን ተቆርጦ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ለማወቅም አልፈለግኩም። ኬብሉን ጎበጥ ባደርገው ይታይ ነበር። አላደረግኩትም።

የጋሽ ሃብቶም የእግር ድምፅ ከቤት ሲወጣ ሰማሁ። ናስትሮ አንስቼ መስመሩ ላይ አንድ ዙር ጠቀለልኩ፤ ኬብሉን ግላንዱ ውስጥ አስገባሁና አጠበቅኩት። ከውጭ ሲታይ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያምር ነበር።

ጋሽ ሃብቶም ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ቼክ አድርገሻል?» አሉኝ።

«አድርጌያለሁ» አልኳቸው።

ውሸት አልነበረም። ቼክ አድርጌ ነበር። ያልተናገርኩት ያየሁትን ነው።

«ዓይኔ!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከዚያ ሽቦዎቹ እርስ በርስና ከብረቱ ጋር አለመነካካታቸውን በሚመረምረው ሜትር ለኩት። ሜትሩ ደህና ነው አለ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም፤ ሜትሩ በእኔ ፈንታ የዋሸልኝ መሰለኝ። ጋሽ ሃብቶም ሥራው ደህና መሆኑን የሚያረጋግጠውን ሰርቲፊኬት ፈርመው ለእማማ ለተብርሃን ሰጧቸው።

እማማ ማሽኑን ዳበስ አደረጉት። «ዛሬ ደክሞኛል። ነገ ሰንበት ነው፣ ልብስ አይታጠብም። ሰኞ ጠዋት አስነሳዋለሁ» አሉ። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ይዘው «እነዚህን እጆች እግዚአብሔር ይባርካቸው። የነካሽው ሁሉ ይብራ» ብለው መረቁኝ። እጄን መልሼ ልወስድ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን አጥብቀው ይዘውታል።

አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ። ሜትሩ አልፎታል። ናስትሮ አለው። ችግር ቢፈጠርም ብሬከሩ ጥሎ መብራቱን ያጠፋዋል። ግን ሜትሩ የለካው በደረቅ ቀን ነው። ያቺ ክፍል ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ እንፋሎትና እርጥብ ልብስ ሊሞላባት ነው። ብሬከሩ ባይጥልና ብረቱ ኮረንቲ ቢይዝስ?

እሑድ ጠዋት እናቴ ሳህን አጥባ እጇን ሳታደርቅ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን ማብሪያ ልትጫን ስትል «እማዬ፣ እጅሽን!» ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። ደንግጣ ዘወር አለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ምንም እንደዚህ አይጮህም» አለች፤ እጇን በፎጣ እየጠረገች።

መኝታ ቤት ገብቼ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። የፈራሁት የጋሽ ሃብቶምን ቁጣ አልነበረም። ከእንግዲህ «ዓይኔ» እንደማይሉኝ አውቄ ነበር። ሰንበት አንድ ቀን ሰጥቶኛል፤ ቀኑ ደግሞ እያለቀ ነው። ደወልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን እየወጡ ነበር። ከኋላቸው የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ጋሽ፣ ጓሮ ያለው ግላንድ… መጋዙ ከግማሽ አልፎብኝ ነበር።»

«ምን ያህል?» አሉኝ።

«አላውቅም። ቡናማው ታይቶኛል።»

«መዳቡስ?»

«አላየሁም። ናስትሮ ጠቀለልኩበት።»

«ስትሪትሃም ነይ» አሉና ዘጉት። ሌላ ጊዜ «ለእናትሽ ሰላም በይልኝ» ሳይሉ ስልክ ዘግተው አያውቁም።

ስደርስ ነጠላቸውን ቫኑ ውስጥ ትተው፣ ሱፍ እንደለበሱ፣ ጓሮው ውስጥ ቆመው ነበር። መነጽራቸውን አድርገዋል። በመነጽር ሳያቸው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። መብራቱን አጥፍተው ብሬከሩን ቆልፈውታል። መጥፋቱንም ሁለት ጊዜ አረጋገጡ።

«ፍቺው» አሉኝ።

ግላንዱን ፈታሁት። መፍቻው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ናስትሮውን ገፈፍኩት። ጋሽ ሃብቶም ኬብሉን ይዘው ቀስ ብለው ጎበጥ አደረጉት። የተቆረጠው ቦታ እንደ ከንፈር ተከፈተ። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መዳብ አበራ። ልክ ከጎኑ ከሰበርኳቸው የብረት ሽቦዎች የአንዱ ሹል ጫፍ ወደዚያው ዞሯል። በመሃላቸው የነበረው የእኔ አንድ ዙር ናስትሮ ብቻ ነው።

ጋሽ ሃብቶም ረጅም ጊዜ አዩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ እንዲልዎት ብዬ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ትናንት ናስትሮው መሬት ላይ ወድቆ አይቼው ነበር» አሉ። «እዚህ ሥራ ላይ ናስትሮ ምን ያደርጋል ብዬ አስቤ ነበር። መነጽሬ ቫኑ ውስጥ ነበር፤ ሃያ እርምጃ ነው። አልሄድኩም። ያንቺ ጥፋት ጥፋት ነው፤ የእኔ ግን ፊርማ አለበት። አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። አላየሁም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ለተብርሃን በነጠላ ጫማ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «በሰንበት የምን ሥራ ነው?» አሉ።

ጋሽ ሃብቶም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ምንም አላስቀረሁም። እማማ እጄን አዩ።

«ትናንት የመረቅኩት እጅ ይሄው ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲህ ምርቃት አይመለስ» አሉ። ግን ፊታቸው አልሳቀም። «ሰኞ ብነካው ምን እሆን ነበር?»

ጋሽ ሃብቶምን አየኋቸው። በአገጫቸው ወደ እማማ አመለከቱኝ።

«ምንም ላይሆኑ ይችሉ ነበር» አልኩ። «ሊሞቱም ይችሉ ነበር።»

እማማ ማሽኑን በሩቅ አዩትና «በል ሃብቶም፣ ጨርሱልኝ» ብለው ገቡ። የዚያን ቀን ምርቃት አልነበረም።

የተበላሸውን ጫፍ ቆርጠን ጣልነው። ግድግዳው ስር የተውት ትርፍ ዙር በቃን። መጋዙን ለእኔ ሰጡኝ። አልፈልግም ልል ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ተቀበልኩ። በእያንዳንዱ ሽቦ ቆም እያልኩ አየሁ። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ቁጢጥ ብለው አዩ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። የድሮውን ሰርቲፊኬት ቀደው አዲስ ጻፉ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እሠራለሁ። እማማ ለተብርሃን በማሽናቸው እያጠቡ ነው፤ ለሌላ ሥራ ሲጠሩን ግን «ልጅቷ ስትሠራ አጠገቧ ቁም» ብለው ለጋሽ ሃብቶም መናገራቸውን ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው። ግን ያማል።

ጋሽ ሃብቶም መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል ጀምረዋል። ከዚያ ወዲህ «ዓይኔ» ብለውኝ አያውቁም። «ቼክ አድርገሻል?» ብለው መጠየቅም ትተዋል። ሥራ ስጨርስ ይመጡና መነጽራቸውን ሳያደርጉ በፊት «ምን አየሽ?» ይሉኛል።

ያየሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ጭረት ቢሆን፣ ጠማማ ብሎን ቢሆን፣ ምንም የማይጎዳ አቧራ ቢሆን እነግራቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ያያሉ። እሳቸው እስኪያዩ ድረስ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እቆማለሁ፤ ምንም ያጠፋሁት ባይኖርም እንኳ።