የክርስትና ልጄ ደም በበረዶ ሳጥን

ቅዳሜ፣ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው" ይላል፤ ያ አንድ ሰው ደጋግሞ ገባ። ሬዲዮው ስለ ሕዳሴው ግድብ ቦንድ ያወራል፤ የእኔ ልብ ግን ማንኩሳ ነው። አምና ለጥናት ደም ስትሰጥ የጉበት ቫይረስ የተገኘባት አበልጄ ጥሩወርቅ በጎረቤት ስልክ "ነይልኝ" ብላኛለች። ልጇ የዝና፣ የኔ የክርስትና ልጅ፣ በጨቅላነቷ ተከትባለች። ክትባቱ ይዟታል ወይ? ደሟ የሚወሰደው ይህን ለማወቅ ነው።

ረፋድ፣ መራዊና ቡሬ

መራዊ ላይ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት በጆንያ ጣሪያው ላይ ወጣ። "ሹፌር፣ ሽንኩርቱ አንተን ሳያስለቅስህ ቀስ በል!" አሉ አንድ አዛውንት። ቡሬ ላይ ሽሮ በላሁ፤ በርበሬው ዓይን ያበራል።

ከሰዓት፣ ማንኩሳ

ጤና ኬላው ደጅ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ቆመዋል። የሚገባ ግን የለም። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር አንለይ፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ "መርፌውን ፈርታችሁ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ኧረ ወዲያ!" አለች ጥሩወርቅ። "ነገ ማርያም ናት፤ ልጆቹ ይቆርባሉ። ደሙ የፈሰሰ እንዴት ይቆርባል?"

"መኪናው ማታ ይመለሳል፣ የደም ሳጥኑ በረዶም ይቀልጣል" አለ የጥናቱ መኪና ሹፌር።

"ይቅለጣ! እኛ አልፈጠርነው!" አለች አንዷ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። የዝናን አዝዬ የማቆርባት እኔ ነኝ፤ ደሟን ላሰጥ የመጣሁትም እኔ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ከሄዱ መቼ እንደሚመለሱ ማን ያውቃል?

ዶክተሩ ጓንቱን አወለቀና ዋርካው ሥር ወደተቀመጡት ቄስ ሄደ። "አባ፣ ቀን ስንቆርጥ እርስዎን አለመጠየቃችን ጥፋት ነው። መቼ ይሁንልን?"

"ዛሬም ነገም አይሆን፣ ልጄ። ሰኞ ግን እኔው ይዣቸው እመጣለሁ።"

"እንግዲያው ሰኞ" አለ ዶክተሩ። የተማረ ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት እንዴት ደስ ይላል!

እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም

የዝና ቆረበች። እናቷ ከኋላ ከኋላ ትከተለናለች፤ ከአምና ወዲህ ልጇን ስማት አታውቅም። ከሰዓት ዶክተሩ በረዶውን ሊያድስ ፍኖተ ሰላም ሲሄድ ሦስታችንንም ጫነን።

"ክትባት ማለት" አለ መንገድ ላይ፣ "የሌባውን ልብስ ለውሻ ማስሸተት ነው። ሌባው ራሱ አይገባም፤ ውሻው ግን ጠረኑን ይይዛል። አንዳንዱ ውሻ አሽትቶ ይረሳል። እኛ የምንመረምረው ያስታውስ እንደሆን ነው።"

"ከረሳስ?" አለች ጥሩወርቅ።

"እንደገና እናስሸትተዋለን። ደግሞ በሽታው የሚተላለፈው በደም ነው፤ ልጅሽን ብትስሚያት አይዛትም።"

"እርስዎን አምናለሁ፣ ዶክተር። የማያምነው ልቤ ነው።"

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ቄሱ ከሁሉ ቀድመው የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ የጤና ኬላው ግቢ ሞላ። የዝና ጮኸች፣ እኔን ነከሰችኝ፣ ደሟ ግን ተወሰደ።

በጥናቱ መኪና ተመለስኩ። የበረዶ ሳጥኑን በጉልበቶቼ መሀል ያዝኩት። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር "ቀስ!" እላለሁ።

"እትዬ፣ እንቁላል አስመሰልሽው እኮ" አለኝ ሹፌሩ።

"እንቁላል ቢሰበር ዶሮዋ ሌላ ትጥላለች!" አልኩት። እስከ ባሕር ዳር ቀስ አለልኝ።

ጥሩወርቅ ስልክ ስለሌላት ያስመዘገበችው የኔን ቁጥር ነበር። ከሳምንታት በኋላ ዶክተሩ ደወለ፤ "ቫይረሱ የለባትም፤ ውሻውም አልረሳም" አለ። ወዲያው ጎረቤቷ ዘንድ ደውዬ አስጠራኋትና ነገርኳት።

"የዝና!" ብላ ተጣራች። ከወዲያ የስሞሽ ድምፅ መጣ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፤ ከዚያ የዝና ስትጮህ ሰማሁ፦

"እማ፣ በቃሽ! ጉንጬን ጨረስሽው!"