የምንጣፉ ባልና ሚስት

እኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም። እኔን «ጆሮ» ይሉኛል። የድምፅ ባለሙያ ስለሆንኩ ነው ይላሉ፤ ወሬ ስለምወድ መሆኑን ግን አላጣሁትም። ባልና ሚስቱን ደግሞ «ክቡር» እና «ክብርት» እንላቸዋለን። እሱ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ይውላል። እሷ አልባሳት ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ለዚህ ስም ያበቃቸው ቁመታቸው ነው እንጂ ማንም ምንም አልሾማቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪው ከባለቤታቸው ጋር በቴሌቪዥን የሚታዩበት ቀን ሲቃረብ እኛ አዳራሽ ውስጥ ልምምድ ይደረጋል። እሳቸው ለልምምድ አይመጡም። መብራቱ የት እንደሚያርፍ፣ ካሜራው ከየት እንደሚያይ የሚለካው በሌላ ሰው ነው። በቁመት ልክ መሪውንና ባለቤታቸውን የሚያህሉ ሁለት ሠራተኞች ሲፈለጉ፣ የተገኙት ሁለቱ ባልና ሚስት ሆነው ቁጭ አሉ። ዳይሬክተሩ ደስታውን አልቻለውም። «ተገላገልኩ! የሰው ሚስት አስይዤ ከማንም ባል ጋር አልጣላም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀይ ምንጣፍ ሲነጠፍ ክቡርና ክብርት ይጠራሉ። ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት ይለጠፋል። እኔ ደረታቸው ላይ ትንሽ ማይክ እሰካና ማዳመጫዬን አጥልቄ እቀመጣለሁ። ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ክፍል «እጅ!» ሲል ክቡር የሚስቱን እጅ ይይዛል። «ግንባር!» ሲል ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ይስማል። መሪው በነጋታው ያንኑ ያደርጋሉ፤ አገሩም «አይ ፍቅር!» ይላል።

ያኔ እንስቅ ነበር። «ክቡርነትዎ፣ ኮሪደሩ ላይ አምፖል ተቃጥሏል፤ አዋጅ ያውጡልን» ስንለው፣ «ለካቢኔ አቀርበዋለሁ» ብሎ መሰላሉን ይሸከማል። ክብርት መርፌ ጥርሷ ላይ ይዛ ትስቃለች፤ እኔ መርፌውን እንዳትውጠው እጨነቃለሁ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ትምህርት ልትጨርስ የደረሰች፣ ቀጭን፣ አባቷን በቀልድ የምታስንቅ ልጅ። አስም ነበረባት። አንድ የልምምድ ቀን ጠዋት «ደረቴን ያዝ ያዝ አድርጎኛል» አለች። እናት ልቅር አለች። አባት ደግሞ «አንቺ ከቀረሽ ልምምዱ ቀረ፤ ልምምዱ ከቀረ እኛ አለቀልን። ስንመለስ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን» አላት። ክፉ አባት ሆኖ አይደለም፤ ለልጁ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነው። ግን እኛ ጋ «ዛሬ አልመቸኝም» ብሎ የቀረ ሰው ምን እንደሚገጥመው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

በልምምድ ቀን ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። መሪው የት እንደሚቆሙ፣ ወዴት እንደሚዞሩ ወሬው እንዳይወጣ ነው። ስልኮቻችን ላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ተደራርበው ጥበቃው እግር ሥር ይውላሉ። ሥራ አልቆ ስንወጣ ክብርት ስልኳን አንስታ ስታየው የልጇ ጥሪ ስክሪኑን ሞልቶታል። መልሳ ደወለች፤ አይነሳም። ቤት ሲደርሱ ጎረቤት በሩን ሰብሮ ገብቷል። ልጅቷ ግን አልፋለች። ስትደውል እናትና አባቷ ቀይ ምንጣፍ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፈገግ ብለው ቆመው ነበር። እኔም ማዳመጫዬን አጥልቄ አያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ክቡር አልጋውን ትቶ ወደ ልጅቷ ክፍል ገባ። መስኮቱን ዘግቶ እዚያው ያድራል። ጭቅጭቅ የለም። «ልቅር ስልህ አንተ ነህ የከለከልከኝ» ብትለው ይሻል ነበር እላለሁ፤ ክብርት ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። እሱ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ፍርድ ቆጠረው። ከሥራው ለምን አልወጡም የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ በጡረታ እንጂ በማመልከቻ የሚወጣ የለም። የሐዘን ፈቃዳቸው እንዳለቀ ምንጣፉ ተነጠፈ፤ ተጠሩ፤ መጡ።

አንድ ቀን አልባሳት ክፍል ብቻችንን ስንሆን ክብርት ድምጿን ዝቅ አድርጋ አወራችኝ። እሷ ዝቅ አደረግሁ ስትል ኮሪደር ድረስ ይሰማል፤ የስፌት መኪናው ለዓመታት ሲጮህባት ጆሮዋ ደክሟል።

«ቤት ውስጥ ጨው አቀብለኝ ስለው እንኳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ እጁን ይሰበስባል» አለችኝ። «እጁን የማገኘው እዚህ ብቻ ነው። ልምምድ አለ ሲሉኝ ከጠዋት ጀምሮ እጄን ቅባት እቀባለሁ። አንቺ፣ አብጄ ይሆን እንዴ?»

«አላበድሽም እትዬ» አልኳት።

ልቤ ግን በንዴት ጨሰ። ባሏ እንዲነካት የመንግሥት ፕሮግራም የምትጠብቅ ሴት አይቼ አላውቅም። መንካቱም መንካት የሚባል ከሆነ ነው እንግዲህ፤ እጁ እንደ በር እጀታ ቀዝቃዛ ነው ብላኛለች። እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አንድ ቀን ጠበቅ ያደርገኛል ብላ፣ ያቺን ጠበቅ መጠበቅ ሆነ ኑሮዋ።

መሪው ለሌላ የሥልጣን ዘመን ቃለ መሐላ የሚፈጽሙበት ቀን ደረሰ። አገሩ ከፍቶታል፤ ኑሮው ተወዷል፣ እስር ቤቱ በልጆች ተሞልቷል። ለዳይሬክተሩ ከላይ ትእዛዝ መጥቶለታል፦ ዘንድሮ ፍቅሩ በደንብ ይታይ። ዳቦ ያጣ ሰው ግንባር ሲሳም አይቶ የሚጠግብ ይመስል።

ልምምዱ የዋለው ልጅቷ የሞተችበት ዕለት ዓመት በሞላው ቀን ነበር። ከእኛ ከሦስታችን በቀር ያስታወሰ የለም። «እጅ!» ተባለ፤ ያዛት። «ግንባር!» ተባለ፤ ሳማት። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ ዳይሬክተሩ፤ «ደብዳቤ ላይ ማኅተም የምትመታ ነው የምትመስለው! ድገም!» ደገመ። «ሙቀት የለውም! ድገም!» ደገመ። ስንት ጊዜ እንዳስደገመው እንጃ። እኔ መሀል ላይ «አሁንስ ይብቃው!» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በመጨረሻ ክቡር ጎንበስ አለና አልሳማትም። ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ማጅራቷ ላይ አድርጎ ወደ ራሱ ጠበቅ አደረጋት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ በማዳመጫዬ ገባ፦ «ስትደውል እጅሽን ይዤ ነበር።»

ከዚያ የዳይሬክተሩ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «ይሄ ነው! በቃ ይሄ ነው! ቀረጻችሁ? ቀረጽን በሉኝ!» ተቀርጾ ነበር።

ማይኩን ስነቅልላት ክብርት እጄን ያዘችኝ። «ምን አለኝ? ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ጆሮዬ አልያዘልኝም።» ነገርኳት። ልብስ የተሰቀለበት ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር፤ ደስ አለኝ፤ እኔም አለቀስኩ።

ቀጥሎ ያሉት ቀናት ሌላ ነበሩ። ክቡር ከሥራ ስንወጣ ከኋላዋ መቅረት ትቶ ጎን ለጎን መሄድ ጀመረ። የልጅቷን ክፍል መስኮት ከፈተ። አንድ ማታ አብሯት ገበታ ቀርቦ ስለ ልጃቸው ቀልድ አንስቶ ሊስቅ ደርሶ እንደነበር ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ የሌላ ሴት ፊት ሆነ። የተነቀለውን የሸሚዙን አዝራር እየሰፋች ነበር።

ቃለ መሐላው ቀጥታ ተላለፈ። እኔ የድምፁ ጠረጴዛ ላይ ነኝ፣ ክቡር ከአጠገቤ መብራቱን ይቆጣጠራል። መሪው እጃቸውን አንስተው ማሉ፤ ጭብጨባው ቀለጠ፤ ሙዚቃው ገባ። ወደ ባለቤታቸው ዞሩና ጎንበስ አሉ። ግንባራቸውን የባለቤታቸው ግንባር ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ማጅራት ላይ ሄደ። ዳይሬክተሩ የእነክቡርን ቀረጻ ቤተ መንግሥት ወስዶ አሳይቷቸው ነበር፤ ከንፈር ይንቀሳቀስ፣ የሚሉት ካጡ ይቁጠሩ ብሎም መክሯቸዋል። ለሕዝቡ የሚሰማው ሙዚቃው ነው። ለእኔ ግን በማዳመጫዬ የሚሰማኝ የመሪው ድምፅ ነበር፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...»

ዞር ብዬ ክቡርን አየሁት። እጁ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ደርቋል። ፊቱ ላይ ንዴት ቢሆን ደግ ነበር። ቤቱ ሲገባ ተዘርፎ ያገኘው ሰው ነበር የሚመስለው።

በሳምንቱ መሪውና ባለቤታቸው ግንባር ለግንባር የገጠሙበት ፎቶ ያልተሰቀለበት ቦታ ጠፋ። አውቶቡስ ላይ፣ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ልጅቷ ትታከምበት የነበረው ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ሳይቀር። ፎቶ ቤቶች ሙሽሮችን ግንባር ለግንባር እያጋጠሙ «እንደ መሪያችን» እያሉ ያነሱ ጀመር። መንገድ ላይ ጎረምሳው ሁሉ የፍቅረኛውን ማጅራት ይይዛል። ክብርት መጀመሪያ ላይ ኮርታ ነበር። «የኛ እኮ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። የእሷን ቀስታ ታውቃላችሁ፤ ደንግጬ በሩን ዘጋሁት።

አንድ ማታ ክቡር ወደ ልጅቷ ክፍል ሊገባ ሲል ኮሪደሩ ላይ ቆመችና ግንባሯን ወደ ግንባሩ አስጠጋች። ወደ ኋላ ሸሸ።

«ተይ» አላት። «ይሄን አውቶቡስ ላይ አይቼዋለሁ።»

ገባና በሩን ዘጋ። መስኮቱም ተዘጋ። በማግስቱ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «የራሴን ባል ስነካው እነሱን የቀዳሁ መሰለው» አለች። «ሌላ አነካክ ከየት ይምጣልኝ?»

ብዙም ሳይቆይ የውጭ እንግዶች አቀባበል መጣና ምንጣፉ እንደገና ተነጠፈ። ማይኩን ስሰካላት እጇ የቅባት ሽታ አለው። ፀጉሯን ተሠርታለች።

«ዛሬ እንዳትዘጊው» አለችኝ። «የሚለኝን ስሚልኝ። ያን ቀንም እዚህ ነው የተናገረው፤ ዛሬም ይናገራል።»

«እሺ እትዬ።»

«እጅ!» ተባለ። ያዛት። ዳይሬክተሩ ማይኩን አፉ ላይ ደቅኖ ያስተምራል፦ «ግንባር ላይ እሳቸው እንዳደረጉት ነው የምፈልገው! ዓይን ጨፈን! እጅ ማጅራት ላይ! ከንፈር ይንቀሳቀስ፣ የምትለው ካጣህ ቁጠር! ግንባር!»

ክቡር ጎንበስ አለ። ምልክቱን አልሳተም። ግንባሩ ልክ ቦታው ላይ አረፈ፣ ዓይኑ ተጨፈነ፣ እጁ ማጅራቷ ላይ ሄደ። ጠበቅ አላደረጋትም። ማዳመጫዬን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት። ትንፋሿ ቆሟል፤ እየጠበቀች ነው። ከዚያ የሱ ድምፅ መጣ፦

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...»

«ግሩም!» አለ ዳይሬክተሩ። «ቁርጥ እሳቸውን!»

ክቡር እጇን ለቆ ወደ መሰላሉ ሄደ። ክብርት በጥድፊያ ወደ እኔ መጣች፤ ጉንጯ ቀልቷል። ማይኩን እስክነቅልላት እንኳ አልታገሠችም።

«ተናገረ አይደል? ከንፈሩ ተሰምቶኛል። ምን አለኝ?»

ለማንም የማልመለስ፣ አፌ የማይያዝልኝ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ማይኩን እያገላበጥኩ አየሁት፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«አልሠራም እትዬ» አልኳት። «ምንም አልሰማሁም።»

ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ እኔን ልታጽናና።

«ባትሪው አልቆ ይሆናል» አለችኝ። «ለሚቀጥለው ልምምድ ቀይሪልኝ፤ እንዳትረሺ።»

እሺ አልኳት።