የትራምፔተኛው የፊት ጥርሶች

ሲያትል ውስጥ በሠርግና በመልስ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ባንዳችን ውስጥ አንድ የትሪኒዳድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትራምፔት ይነፋሉ፣ እኛም ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን በአውሮፓ ናይት ክለቦች ጨርሰው፣ ልጃቸውን ተከትለው እዚህ የመጡ ናቸው። ስለ ፓሪስና ስለ ኮፐንሃገን ጠይቋቸው፤ የሚያወሩት ስለ ሙዚቃ ሳይሆን ስለ ድብድብ ነው። ሃምቡርግ ላይ እየነፉ ሳለ አንድ ሰካራም መድረክ ላይ ወጥቶ ትራምፔቱን በቡጢ ወደ አፋቸው ከተተው። የፊት ጥርሳቸው ረገፈ። በሰው ሠራሽ ጥርስ እንደገና መንፋት እስኪለምዱ ዓመታት ፈጀባቸው።

«ሁለተኛ ከተመታሁ አበቃልኝ፤ ጥርሱን የሚይዝ አጥንት የለህም ብሎኛል ሐኪሙ» ይሉን ነበር።

ሲያትል አጠገብ ሲታክ በምትባል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መልስ ነበረን። ዘፋኛችን ቀደም ብሎ፣ «ሰው ደስ ሲለው ቲፕ ያደርጋል፣ ኦኬ ጋሼ?» ብሏቸዋል። እሳቸው የጠበቁት መሬት ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ ነው። ቲፑ ግንባር ላይ እንደሚለጠፍ ማን ይንገራቸው!

ጉራጊኛው ሲደምቅ የሙሽሪት አጎት፣ አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ እየጨፈረ መድረክ ላይ ወጣ። ዶላሩን በምላሱ አርሶ «ይመችህ!» እያለ በመዳፉ የጋሼ ግንባር ላይ ጠፍ አድርጎ ለጠፈው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እየነፉ ነበር። ደንግጠው ትራምፔቱን ወነጨፉት፤ የአጎትየው ቅንድብ ተተርትሮ ደሙ ነጭ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

«አያውቁም! ባህላችንን አያውቁም!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! ሚዜዎቹ ተንጋግተው መጡ። ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባላል፤ ለፈሪም ይመቻል። አንዱ በቡጢ፣ ሌላው በጫማ፣ አንድ ሽማግሌ ላይ ተረባረቡ። እኔም የማይክ ማቆሚያውን አንስቼ የአንዱን ጀርባ አገኘሁት፤ ዛሬም አይቆጨኝም። ስንገላግላቸው ጋሼ አፋቸው ደም ሞልቶ፣ ተንበርክከው ምንጣፉን በጣታቸው እየዳበሱ ጥርሳቸውን ይፈልጋሉ።

ቁስላቸው ጠገግ ሲል የሙሽሪት ቤተሰብ ሽማግሌዎች አጎትየውን ይዘው ስካይዌይ ሰፈር ወደ ጋሼ ቤት ሄዱ፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ጋሼ ትራምፔታቸውን ከነሳጥኑ ሸጠውት ነበር።

«ይቅር ይበሉት። ሲያከብርዎት ነው፤ እኛ አገር ግንባሩ ላይ ገንዘብ የምንለጥፍለት የወደድነውን ሰው ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ተረጎምኩ።

ጋሼ በባዶ ድዳቸው ቃሉ እያፏጨ፣ «ቀድሜ የመታሁት እኔ ነኝ። ቂም የለኝም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አጎትየው እንባው እየወረደ ተነሣና እንደ ወጉ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ብሎ ተጠጋቸው።

ጋሼ ወንበራቸውን ከግድግዳው እስኪላተም ወደ ኋላ ገፍተው፣ ጥርስ የሌለውን አፋቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።